ኤሊና የጓሮ ኩሬ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ያሉት መልሶች በዋናነት ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ጓሮ ላላቸው ሰዎች ናቸው። ልኬቱን በፊት፣ በኢንችና በጋሎን ያስቀመጥነው ዕቃው በዚያ ስለሚሸጥ ነው፤ 1 ፊት 30 ሴንቲ ሜትር፣ 1 ኢንች 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ 1 ጋሎን 3.8 ሊትር ግድም ነው። «ክረምት» ስንልም ታኅሣሥንና ጥርን እንጂ ሐምሌን ማለታችን አይደለም። አገር ቤት ላሉ መጨረሻ ላይ ለብቻው መልስ አለ።

ኤሊ፣ አሳና እንቁራሪት አንድ ኩሬ ውስጥ አብረው ይኖራሉ?

ለጥቂት ሳምንት፣ አዎ። ከዚያ በኋላ ኤሊዋ ብቻ ትቀራለች።

የውሃ ኤሊ ያገኘችውን ሁሉ የምትቀምስ እንስሳ ናት። የእንቁራሪት እንቁላል፣ ጭራ ያላቸው የእንቁራሪት ግልገሎች፣ ቀንድ አውጣ፣ የውሃ ተርብ እጭ፣ ትንንሽ አሳ፣ ለጌጥ የተተከለ ቅጠል፣ ሁሉም ምግቧ ነው። ፈጣንና ትልቅ አሳ ሊያመልጣት ይችላል፤ ጭራውና ክንፉ ግን ተነክሶ ቁስሉ ይመግላል። በዚያ ላይ የአንድ ትልቅ ኤሊ ቆሻሻ ከብዙ አሳ ቆሻሻ ይበልጣል።

ስለዚህ ኤሊም እንቁራሪትም የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልጉት ሁለት ኩሬዎች ናቸው። አንዱ ጥልቅ፣ የታጠረና ጠንካራ ማጣሪያ ያለው የኤሊ ኩሬ ነው። ሌላው ትንሽ፣ አሳም ፓምፕም የሌለበት፣ ዳሩ ተዳፋት የሆነ ኩሬ ነው። ሁለቱን በአንድ ጉድጓድ ለማጣመር የሚሞክር ሰው የሚያገኘው የቆሸሸ ውሃና የተከፋች ኤሊ ነው።

የትኛዋን ዓይነት ልያዝ?

ብዙ ቤት የምትገኘው ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያላት «ቀይ ጆሮ» ስላይደር ናት። ስትገዛ እንደ ሳንቲም ታክላለች። ሴቷ ስታድግ ቅርፊቷ ከ10 እስከ 12 ኢንች ይደርሳል፤ ወንዱ ያንሳል። በደህና ከተያዘች ከ20 እስከ 40 ዓመት ትኖራለች፤ ዛሬ «ግዙልኝ» ያለው ልጅ ራሱ ልጅ ወልዶ እሷ ኩሬው ውስጥ ልትኖር ትችላለች። የትውልድ አገሯ የሚሲሲፒ ወንዝ ተፋሰስ ነው፤ እዚህ አካባቢ መጤ ናት።

ከአካባቢው አየር ጋር የምትስማማው ፔይንትድ የምትባለው ናት። ከ5 እስከ 7 ኢንች ብቻ ታድጋለች፣ ብርዱንም በደንብ ትችላለች። በእኛ ግምት ለጓሮ ኩሬ የተሻለችው እሷ ናት፤ ግን ሰው ያራባትን ይግዙ እንጂ ከወንዝ አያንሱ። ስናፒንግ የሚባለው ነካሽ ኤሊ ለቤት አይሆንም። ቦክስ የምትባለው ጀርባዋ ጉልላት የመሰለ ኤሊ የየብስ ናት፤ ገደላማ ዳር ያለው ኩሬ ውስጥ ከወደቀች ትሰምጣለች። የሜሪላንድ ምልክት የሆነችው ቴራፒን ደግሞ ጨው ቀላቅሎ የሚገኝ የባሕር ዳር ውሃ ትፈልጋለች።

ከሱቅ ከመግዛት በፊት የተጣሉ ኤሊዎችን የሚሰበስቡ ቦታዎችን ይጠይቁ። ቀይ ጆሮ ኤሊ ሞልቷቸዋል፤ ያደገች ስለምትሰጥዎትም የመጨረሻ መጠኗን አይተው ነው የሚወስዷት።

መንገድ ዳር ትንንሾቹን ይሸጣሉ። መግዛት ይቻላል?

ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅርፊቷ ከ4 ኢንች ያነሰን ኤሊ ለቤት እንስሳነት መሸጥ በመላ አሜሪካ ተከልክሏል። ምክንያቱ ሳልሞኔላ ነው፤ ሕፃናት ትንንሾቹን አፋቸው ውስጥ እየከተቱ ይታመሙ ነበር። ከዚህ በተጨማሪ የትኛው ዓይነት እንደሚፈቀድና ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ የስቴትዎን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ይመልከቱ። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ስላይደር ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወራሪ ዝርያነት ተመዝግባለች፤ አዲስ መግዛት፣ ማራባትና መሸጥ አይቻልም። ከዚያ በፊት የነበረቻችሁን እስክትሞት መያዝ ትችላላችሁ።

ኩሬው ምን ያህል ይሁን?

ለሁለት ወይም ለሦስት ትልልቅ ኤሊዎች 10 ፊት ርዝመት፣ 6 ፊት ስፋትና 3 ፊት ጥልቀት ጥሩ መነሻ ነው። ዳርና ዳሩ ላይ ደረጃ ስለሚኖረው አማካይ ጥልቀቱ 2.25 ፊት ቢሆን ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 10 በ6 በ2.25 ሲባዛ 135 ኪዩቢክ ፊት፤ ያን በ7.48 ሲያባዙ 1,000 ጋሎን ግድም ይመጣል። ይህን ቁጥር በደንብ ይያዙት። ፓምፑም፣ ማጣሪያውም፣ የክሎሪን ማርከሻውም የሚለካው በእሱ ነው።

ባለ3 ፊቱ ጥልቀት የሚቀነስ አይደለም። ክረምቱን የሚያሳልፉት እዚያ ነው።

ሁለት ወንድ አንድ ላይ አያድርጉ፤ ይናከሳሉ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻቸውን ከሆኑም ወንዱ እያሳደደ አያሳርፋትም። ሴቶች ብቻ ቢሆኑ ሰላም ነው።

መቆፈሩን ከየት ልጀምር?

ከስልክ። 811 ይደውሉና የጋዝ፣ የመብራትና የውሃ መስመር ምልክት ያስደርጉ፤ ነፃ ነው። ከዚያ ካውንቲዎን ይጠይቁ። ብዙ ቦታ ከ24 ኢንች በላይ ጥልቀት ያለው ውሃ እንደ መዋኛ ገንዳ ተቆጥሮ አጥር ግዴታ ይሆናል። የሰፈር ማኅበር ካለም ደንቡን ያንብቡ።

ቦታው በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን፤ ጠዋት ላይ ቢመታው ይመረጣል። ትልቅ ዛፍ ሥር አያድርጉት። ሥሩ ያስቸግራል፣ ቅጠሉ በመከር ኩሬውን ይሞላል። የጓሮው ዝቅተኛ ቦታ ላይም አይቆፍሩ፤ ዝናብ ሲጥል የሣር ማዳበሪያና የአረም መድኃኒት ታጥቦ የሚገባው እዚያ ነው።

ጉድጓዱ ሲያልቅ ሹል ድንጋይና ሥር ይልቀሙ፣ ወፍራም የጨርቅ ምንጣፍ ያንጥፉ፣ በላዩ 45 ሚል (1.1 ሚሊ ሜትር ግድም) ውፍረት ያለው የኢፒዲኤም ጎማ ያልብሱ። ሥሥ ፕላስቲክ በኤሊ ጥፍርና በፀሐይ ይቀደዳል። የጎማው መጠን የሚሰላው ርዝመቱ ላይ ጥልቀቱን ሁለት ጊዜ ደምረው፣ ለሁለቱ ዳር 2 ፊት በመጨመር ነው። ስለዚህ ርዝመቱ 10 ሲደመር 6 ሲደመር 2፣ 18 ፊት ይሆናል፤ ስፋቱ 6 ሲደመር 6 ሲደመር 2፣ 14 ፊት። ጎማውን ከመቁረጥዎ በፊት ውሃ ይሙሉበት። ክብደቱ ጎማውን እየሳበ ወደ ጉድጓዱ ያስገባዋል፤ ቀድሞ የቆረጠ ሰው አንዱ ጎን ያጥረዋል።

የጉድጓዱን ጠርዝ በውሃ ልክ ይለኩ። አንድ ጎን 2 ኢንች ዝቅ ካለ ውሃው ሁልጊዜ በዚያ ይፈሳል፣ ጎማውም በሌላው ወገን ተጋልጦ ይታያል።

የትኛው ፓምፕና ማጣሪያ ይበቃል?

ፓምፑ የኩሬውን ውሃ ቢያንስ በሰዓት አንድ ጊዜ ማዞር አለበት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ውሃውን ወደ ላይ ሳይገፋ የሚሰጠው ነው። ወደ 4 ፊት ከፍታ ሲገፋ አቅሙ በጣም ይወርዳል። ስለዚህ ለ1,000 ጋሎን ኩሬ በሰዓት 1,500 ጋሎን የሚል ይግዙ፤ ካርቶኑ ጎን ያለውን የከፍታ ሠንጠረዥም ያንብቡ። 100 ዋት የሚበላ ፓምፕ ቀንና ሌሊት ሲሠራ በወር 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል፤ በመብራት ሒሳብዎ ዋጋ ያባዙት። መሰኪያው ጂኤፍሲአይ መሆን አለበት። ውሃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ በቅጽበት የሚያቋርጠው እሱ ነው።

ማጣሪያ አምራቾች የሚገምቱት ጥቂት አሳ ያለበትን ኩሬ ነው። ለኤሊ እጥፉን ይግዙ፦ ለ1,000 ጋሎን ኩሬ «ለ2,000 ጋሎን» የሚለውን። ርካሹና ጥሩው አማራጭ የጠጠር ማጣሪያ ነው። ከኩሬው ጎን ከፍ ያለ ገንዳ ተሠርቶ ከሥር ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይዘረጋል፣ 12 ኢንች ያህል አተር የሚያካክል ጠጠር ይሞላበታል፣ እርጥበት የሚወድ ተክል ይተከልበታል። ፓምፑ ውሃውን ከታች ይገፋል፣ ውሃው በጠጠሩ መሐል እየተጣራ ወደ ኩሬው ይመለሳል። ስፋቱ የኩሬውን ሩብ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ኤሊዋ እንዳትገባበት በሽቦ ይከልሉት፤ ካልሆነ ተክሉን በሳምንት ትጨርሰዋለች።

ማጣሪያ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ስፖንጁ ሳይሆን ላዩ ላይ የሚያድገው ባክቴሪያ ነው። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ለመመሥረት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅበታል። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ሲያጥቡት ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድለውና ከዜሮ ይጀምራሉ። ከኩሬው በባልዲ ቀድተው፣ በዚያው ውሃ እያለቀለቁ ይጭመቁት።

የቧንቧ ውሃ በቀጥታ መጨመር እችላለሁ?

ማርከሻ ሳይጨምሩ፣ አይችሉም። ድሮ «ውሃውን አንድ ቀን አስቀምጠው፣ ክሎሪኑ ይተናል» ይባል ነበር፤ ለክሎሪን ይሠራል። ዲሲና አርሊንግተን ግን አብዛኛውን ዓመት ክሎራሚን ነው የሚጠቀሙት፣ እሱ ተቀምጦ አይተንም። በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይቀይራሉ። «ክሎራሚንን ያጠፋል» የሚል ማርከሻ ይግዙ፤ የውሃ መሙያውን ጎማ በቀጥታ ኩሬው ውስጥ ከከተቱ የሚጨምሩት መጠን ለተጨመረው ውሃ ብቻ ሳይሆን ለኩሬው በሙሉ ይሁን።

ኤሊዋ እንደ አሳ ወዲያው አትጎዳም። የሚሞቱት አሳው፣ የእንቁራሪት ግልገሉና የማጣሪያው ባክቴሪያ ናቸው። በጣም የተለመደው አደጋ ጎማ ከፍቶ መርሳት ነው። ማታ «ትንሽ ልሙላ» ብለው ከፍተው ይተኛሉ፤ ጠዋት ኩሬው ሞልቶ ፈሷል፣ አሳው ሆዱን ገልብጦ ተንሳፏል። ጎማውን ሲከፍቱ የስልክዎን ማንቂያ 20 ደቂቃ ላይ ይሙሉ።

ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ታመመ ማለት ነው?

አረንጓዴነት ብቻውን በሽታ አይደለም። አልጌ ነው፤ ለኤሊዋ ምንም አያደርጋትም፣ ለዓይን ነው የሚያስጠላው። አዲስ ኩሬ በመጀመሪያው ጸደይ ሁልጊዜ ያረነጉዳል። ሊሊና ተንሳፋፊ ተክል ግማሹን ገጽ ሲሸፍኑለት፣ ማጣሪያውም ሲበስል ይጠራል። ካልጠራ ዩቪሲ መብራት ያለው ማጣሪያ በሁለት ሳምንት ያጠራዋል። ይህን መብራት ቤት ውስጥ ያለች ኤሊ በፀሐይ ፋንታ ከምትፈልገው ዩቪቢ መብራት ጋር አያምታቱት፤ ዩቪሲ ሳጥኑ ውስጥ ተዘግቶ የሚሠራ ነው፣ በዓይን አይታይም።

ሽታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ኩሬ ሥሩ ላይ ቅጠልና ዓይነ ምድር ተከማችቶ ኦክስጅን አጥቷል። ዝቃጩን በመረብ ያውጡ፣ የውሃውን ሩብ ይቀይሩ፣ ምግብ ይቀንሱ። በውሃ መመርመሪያ ኪት ሲለኩ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው።

ምን ላብላት፣ ምን ያህል?

ለትልቅ ኤሊ የታሸገ የኤሊ ምግብ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይበቃል። መጠኑ ጭንቅላቷ ባዶ ዕቃ ቢሆን የሚሞላውን ያህል ነው። ቅጠል በየቀኑ መስጠት ይቻላል፦ ሮሜን ሰላጣ፣ ዳንዴላየን፣ እና እኛ ቤት የማይጠፋው ጎመን። ኮላርድ የሚባለው ጎመን ካልሲየሙ ብዙ ስለሆነ ጥሩ ነው፤ ሳይቀቀል፣ ሳይቀመም፣ ግንዱ ወጥቶ። ቆስጣና ስፒናች ካልሲየሙን ስለሚይዙባት አያብዙ። አይስበርግ ሰላጣ ውሃ ብቻ ነው።

እንጀራ፣ ዳቦና ፓስታ አይስጡ። ሰው ልማድ ሆኖበት የክትፎ ሥጋ ይወረውርላታል፤ በደስታ ትበላዋለች፣ ግን ስቡ ብዙ፣ ካልሲየሙ ከምንም የማይቆጠር ስለሆነ ቅርፊቷን ያበላሻል። አንድ የከትልፊሽ አጥንት ውሃው ላይ ይተዉላት፣ ሲያሻት ትግጠዋለች።

ኤሊ ሁልጊዜ የራባት ትመስላለች። እግርዎን ሰምታ እየዋኘች መምጣቷ ልማድ እንጂ ረሃብ አይደለም። ከክንዷና ከአንገቷ ሥር ሥጋዋ ተጣጥፎ ወደ ቅርፊቷ መግባት ካቃተው ወፍራለች።

ለምን ትጠፋብኛለች?

ኤሊ ትወጣለች፣ ትቆፍራለች። ሴቷ በተለይ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ የምትጥልበት አፈር ፍለጋ ያልተከለለ ኩሬ ጥላ ትሄዳለች። አጥሩ ጥፍር የማይዝ ልሙጥ ጣውላ ወይም ድንጋይ ሆኖ ከመሬት በላይ 24 ኢንች፣ ከመሬት በታች 12 ኢንች ይሁን። የአጥር ሽቦ ለእሷ መሰላል ነው። ማዕዘኖቹ ላይ ወደ ውስጥ የሚያጋድል ክዳን ይጨምሩ፤ የምትወጣው ሁልጊዜ በማዕዘን ነው።

አጥሩ ውስጥ ፀሐይ የሚመታው 4 በ4 ፊት ቦታ ያዘጋጁ፣ እኩል በእኩል አሸዋና አፈር ቀላቅለው 12 ኢንች ይሙሉ። የምትጥልበት ያጣች ሴት እንቁላሉን ይዛ ትቆያለች፣ ይህም ሊገድላት ይችላል። ወንድ ባይኖርም ትጥላለች። ከወንድ ጋር ከነበረች ደግሞ ዘሩን ዓመታት አቆይታ የሚፈለፈል እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ጫጩት የሚወስድ ሰው ከሌለዎት በተጣለ ዕለት አውጥተው ፍሪዘር ውስጥ ይክተቱት።

መሞቂያም አይርሱ። ከውሃው ግማሹ የወጣ፣ ከኩሬው መሐል የተቀመጠ ሻካራ ግንድ ከሁሉ ይሻላል፤ ከዳር ሲርቅ ራኩን የሚባለው የሌሊት አዳኝም አይደርስበትም። ደጅ ያለች ኤሊ መብራት አያስፈልጋትም።

ራኩንና ወፍ እንዴት ልከላከል?

ራኩን ሌሊት ይመጣል፤ መዋኘት ቢችልም አድኖ የሚበላው ጥልቀት በሌለው ዳር ቆሞ ነው። ለተክል ብለው የሚሠሩት 8 ኢንች ደረጃ ለእሱ የምግብ ጠረጴዛ ነው። የኤሊው ኩሬ ግድግዳ ቢያንስ በሦስት ጎን ቀጥ ብሎ 20 ኢንች ይውረድ፤ መውጫው አንድ ቦታ ብቻ ይሁን። ሥሩ ላይ 12 ኢንች ስፋት ያለው የሸክላ ቱቦ ወይም የተደረደረ ብሎኬት ያስቀምጡ፣ ገብታ የምታድርበት ነው። የተረፈ ምግብ ማታ አይተዉ።

ሄሮን የሚባለው ባለረጅም እግር ወፍ አሳና ትንንሽ ኤሊ ይለቅማል። እንቅስቃሴ ሲያይ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ ያባርረዋል። የላላ መረብ ግን አይጠቀሙ፤ እባብም ኤሊዋ ራሷም ይተበተቡበታል። በእንጨት ክፈፍ የተወጠረ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ይሻላል፣ ከ5 ኢንች በታች ለሆኑት ደግሞ ግዴታ ነው።

በክረምት ላስገባት ወይስ ልተዋት?

ጤነኛ፣ ከ4 ኢንች በላይ የሆነችና በጋውን ደህና የበላች ስላይደር ወይም ፔይንትድ ባለ3 ፊት ኩሬ ውስጥ እዚህ አካባቢ ክረምቱን ታልፋለች። ትንሽ፣ የታመመች፣ ወይም በመስከረም ከቤት ወጥታ ገና ያልለመደች ከሆነ ያስገቧት።

ውጭ የምትቀር ከሆነ የውሃውን ሙቀት ይከታተሉ፤ የአየሩን አይደለም። 60 ፋራናይት ሲደርስ ምግብ ይቀንሱ፣ ከ55 በታች ሲወርድ ጨርሶ ያቁሙ። ሆዷ በብርድ አይፈጭም፤ የተረፈው ውስጧ ይበሰብሳል። በጥቅምት ቅጠል ከመርገፉ በፊት ኩሬውን በተወጠረ መረብ ይሸፍኑ፣ ሥሩን ያጽዱ።

ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (39 ፋራናይት ግድም) ሲሆን ነው። ስለዚህ ላዩ በረዶ ሠርቶ ሳለ ሥሩ 4 ዲግሪ ላይ ይቆያል፤ ኤሊዋ የምታንቀላፋው እዚያ ነው። ልቧ በጣም ይዘገያል፣ ሳንባዋን አትጠቀምም፣ የምትፈልጋትን ጥቂት ኦክስጅን ከውሃው በቆዳዋ ትወስዳለች። ሥሩ ላይ ያለ ፓምፕ ይህን ሞቅ ያለ ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር ይደበላልቀዋል፤ ያጥፉት ወይም ወደ ላይ ያንሱት።

የሚገድላት አብዛኛውን ጊዜ ብርዱ ሳይሆን አየር ማጣት ነው። በረዶው ኩሬውን ዘግቶ ሲከርም የበሰበሰ ቅጠል ጋዝ መውጫ ያጣል፣ ኦክስጅኑም ያልቃል። መፍትሔው አንድ ቀዳዳ ክፍት ማቆየት ነው፦ ቴርሞስታት ያለው ተንሳፋፊ ማሞቂያ፣ ወይም በመካከለኛ ጥልቀት የተንጠለጠለ የአየር ድንጋይ (የአየር ፓምፕ አረፋ የሚያወጣበት)። ከተዘጋብዎ በመዶሻ አይምቱ፤ የፈላ ውሃ ያለበት ድስት በረዶው ላይ አስቀምጠው ይቅለጥ።

ጋራዥ ውስጥ ማስቀመጥ ከሁሉም የባሰ ነው። ከ50 እስከ 60 ፋራናይት ሲሆን ለመተኛት ይሞቃታል፣ ለመብላት ይበርዳታል፤ ስብዋን ጨርሳ በመጋቢት ትሞታለች። ካስገቧት ሙሉ በሙሉ ያስገቧት፦ ውሃው 75፣ መሞቂያው 90 ፋራናይት፣ ዩቪቢ መብራት በቀን 12 ሰዓት። የዩቪቢ አምፖል እያበራም ጉልበቱ ስለሚደክም በየ6 እስከ 12 ወር ይቀየራል።

ትንኝ አያመጣም?

ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰው ውሃ ላይ ትንኝ ብዙም አትጥልም። የሚያስቸግረው የእንቁራሪቱ ኩሬ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አጠገቡ የተረሳው ባልዲ ነው። የትንኝ እጭ በሞቃት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይበርራል። ቢቲአይ የሚባለው ባክቴሪያ ያለበት ተንሳፋፊ ኬክ እጩን ብቻ ይገድላል፤ ለኤሊ፣ ለእንቁራሪትና ለአሳ አይጎዳም። አንዱ ለ100 ስኩዌር ፊት ገጽ 30 ቀን ይሠራል። የውሃ ተርብ ከመጣ በኋላ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፣ እጩ የትንኝን እጭ ይበላል።

የትኛውን ተክል ልጨምር?

ኤሊ የማትነቅለው ተክል የለም። ሊሊን በከባድ ቅርጫት ተክለው አፈሩን በቡጢ በሚያክሉ ድንጋዮች ይሸፍኑ። ሆርንዎርት በፍጥነት ስለሚያድግ እየበላችውም ይተርፋል።

ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ግንዱ እንደ ፊኛ ያበጠ ተንሳፋፊ ተክል በጸደይ የአትክልት ሱቅ ውስጥ በጥቂት ዶላር ሲሸጥ ያዩታል። ጣና ላይ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምናውቀው እምቦጭ ራሱ ነው። ውሃ ያጠራል፣ እዚህም ብርዱ ስለሚገድለው በብዙ ስቴት ይሸጣል፤ ፍሎሪዳን በመሳሰሉ ሞቃት ቦታዎች ክልክል ነው። ከተጠቀሙ ትርፉን ወደ ወንዝ ሳይሆን ደረቅ ቦታ ላይ አውጥተው ያድርቁት።

የእንቁራሪቱስ ኩሬ እንዴት ይሠራል?

ይህ ቀላሉ ነው። 6 በ4 ፊት ይበቃል፣ አንድ ቦታ ላይ 24 ኢንች ይጥለቅ፤ በሥሩ የሚከርሙ እንቁራሪቶች አሉ። አንዱ ዳር በየ3 ፊቱ 1 ፊት የሚወርድ ተዳፋት ይሁን፣ ጠጠር ያልብሱት። ወፍ በዚያ ይታጠባል፣ የወደቀች ትንሽ እንስሳም በዚያ ትወጣለች። የዝናብ ውሃ ይሙሉ። አሳ አይክተቱ። ዙሪያውን ሁለት ፊት ያህል ሣር ሳያጭዱ ይተዉ፣ አንድ የበሰበሰ ግንድ ያጋድሙ።

እንቁራሪት አምጥተው አይጨምሩ። ከሌላ ኩሬ የመጣ እንቁራሪት ወይም እንቁላል የቆዳ ፈንገስና ራናቫይረስ ይዞ ይመጣል። አካባቢው ላይ ካሉ ራሳቸው ያገኙታል። በጸደይ እንደ ጥቁር ዶቃ ክር የተንዠረገገ እንቁላል ካዩ የጉርጥ ነው፤ እንደ ሙልጭልጭ ዝልግልግ እብጠት የተጠቀለለ ከሆነ የእንቁራሪት።

ለልጆች አደጋ አለው?

ሁለት። የመጀመሪያው ውሃው ነው። ሕፃን ጥቂት ኢንች ውሃ ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ይሰምጣል። 4 ፊት አጥርና ራሱ የሚዘጋ በር ያድርጉ። ሁለተኛው ሳልሞኔላ ነው፤ ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ትይዘዋለች። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ከ65 በላይ የሆኑ አዛውንቶችና መከላከያ አቅማቸው የደከመ ሰዎች ባይነኳት ይመረጣል። ኤሊዋን ወይም የኩሬውን ውሃ ነክተው በሳሙና ሳይታጠቡ እንጀራ አይቁረሱ። ማጣሪያውን ወጥ ቤት ሲንክ ውስጥ አይጠቡ።

መታመሟን በምን አውቃለሁ?

ዓይኗ ካበጠና ካልተከፈተ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቫይታሚን ኤ አንሷታል። አንድ ጎኗ አዘንብሎ ከዋኘች፣ ወይም ከአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ፣ ሳንባዋ ታሟል፤ ቀን አይስጡት። ቅርፊቷ በጣት ሲጫኑት ከለሰለሰ ካልሲየምና ፀሐይ አጥታለች። ሽታ ያለው ጉድጓድ ካለው እየበሰበሰ ነው። በየዓመቱ ሥሥ ልጣጭ ከላዩ መነሳቱ ግን ጤና ነው። የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ ኤሊ አያክምምና ሳትታመም ገና ተሳቢ እንስሳት የሚያይ ሐኪም አድራሻ ይያዙ።

ሰለቸኝ። ወንዝ ብለቃት ምን አለበት?

አይልቀቁ። ስላይደር ከዓለም 100 አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ናት። ፔይንትድን ከመሞቂያ ግንዷ ላይ ታባርራለች፣ ምግቧን ትሻማለች፣ በሽታም ታስተላልፋለች። የተሳቢ እንስሳት ማኅበራትን ወይም ኩሬ ያለውን ሰው ይጠይቁ፤ ወረፋ ሊኖር ስለሚችል ቤት ከመቀየርዎ ወራት በፊት ይጀምሩ።

አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ብኖርስ?

የበረዶውን ክፍል ይዝለሉት፤ 2 ፊት ጥልቀት ይበቃል። ግቢ ውስጥ ሣር ስትግጥ የምትታየው ትልቋ ባለነጠብጣብ ኤሊ የየብስ ናት፤ ኩሬ ውስጥ አይክተቷት፣ ትሰምጣለች። ለእሷ የሚሆነው ገብታ የምትወጣበት፣ ከአገጯ የማይበልጥ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ነው። ከዱር ኤሊ ማምጣት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ሳይጠይቁ ከመንገድ ሻጭ አይግዙ።

መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰፈር በፓምፕ ላይ የተመሠረተ የኤሊ ኩሬ አንመክርም። ማጣሪያው ለሰዓታት ሲቆም ባክቴሪያው ይታፈናል፣ ሲነሳም የበሰበሰውን ወደ ኩሬው ይተፋል። ትንሹ፣ ፓምፕ አልባው የእንቁራሪት ኩሬ ግን በደንብ ይሠራል። ሐዋሳ፣ አዳማና ሌሎች ወባ ያለባቸው ከተሞች ውስጥ ቢቲአይ ካላገኙ ትንንሽ አሳ ይጨምሩ፤ እንቁራሪቱ ቢቀንስም ወባው ይቅደም። ኩሬውን ብቻ ሳይሆን የውሃ ታንከሩንና የበርሜሉን ክዳንም ይመልከቱ። በ2016 እ.ኤ.አ. በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር የተገኘችው አዲሷ የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ፣ የምትመርጠው እንዲህ ያለውን ሰው ያጠራቀመውን ውሃ ነው።